ሸዋ ሮቢት ላይ ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ የደላላ ሰንጠረዥ አይታችሁ ቀብድ እንዳትከፍሉ

ወገኖቼ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጫጫ፣ ደብረ ሲና ወይም ሸዋ ሮቢት ቤት የምታፈላልጉ ካላችሁ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። ገና ከደላሎቹ ቢሮ መውጣቴ ነው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። 150,000 ብር ቀብዴን በልተውኛል።

የቤት ደላሎችን ታውቋቸዋላችሁ። ሻይ ይታዘዛል፣ «እህቴ» ይባላል፣ «ከአዲስ አበባ ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ይባላል። እነዚህኞቹ ግን ሰንጠረዥ ጨምረውበታል። ከ2010 እስከ 2017 የአራቱ ከተሞች የቤት ዋጋ በላፕቶፕ ተደርድሯል፣ ከሥሩ ደግሞ በቀለም የተሠመሩ መስመሮች አሉ። የደብረ ብርሃን ቀስ እያለ ይወጣል። የሸዋ ሮቢት 2014 ላይ ቁልቁል ይወርድና ከዚያ ሽቅብ ይተኮሳል። «ሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ያኔ የነበረችበት ቦታ ላይ ናት፤ ዛሬ ያልያዘ ነገ አይደርስባትም» አለኝ ልጁ፣ መስመሩን በእስክሪብቶ እየተከተለ።

ቀብዱን ከከፈልኩ በኋላ ግቢውን ላስለካ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ጎረቤት ያሉ እናት በር ላይ አግኝተውኝ ስንት እንደተባልኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ውይ ልጄ! ይሄ አጥር የሚጋራን ቤት ባለፈው ክረምት በግማሹ ነው የሄደው፤ ያውም ውኃ ያለው» አሉኝ።

ቀጥታ ወደ ቢሮው ተመለስኩ። ላፕቶፑን አስከፍቼ ጣቴን 2012 ላይ አድርጌ «ይህ ዋጋ ከየት ነው የመጣው?» አልኩት።

ስልኩን እየነካካ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ከውል ላይ ነዋ።»

«የ2017ቱስ?»

«ሻጮቹ ከሚጠሩት።»

ይህን ሲለኝ ድምፁ ውስጥ ቅንጣት ኀፍረት አልነበረም። ግብር እንዲቀንስ ሻጭና ገዢ ተስማምተው ውሉ ላይ ዋጋ ዝቅ አድርገው እንደሚያስጽፉ አገር ያውቃል፤ እሱ ደግሞ ሥራው ነው። ያለፈውን ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጎ ከተጻፈ ወረቀት ወስዶ፣ የአሁኑን ገና ማንም ካልከፈለው የሻጭ ጥሪ ወስዶ፣ መካከላቸው መስመር አሥምሮ «ዕድገት» ብሎ ሸጠልኝ። ያ ሁሉ ሽቅብ የሚተኮስ መስመር ይኸው ነው።

2014ንም ጠየቅኩት። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ገብቶ ሕዝቡ ቤቱን ጥሎ ተሰዷል። በዚያ ዓመት የሸጠ ሰው ጨንቆት የሸጠ ነው። የሰውን መከራ መነሻ አድርጎ «ይኸው ስንት እጥፍ አደገ» ማለት ምን የሚሉት ድፍረት ነው? ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ሲሚንቶውም ብረቱም ጣራ መንካቱን ደግሞ ሰንጠረዡ ትንፍሽ አይልም። ደብረ ብርሃን እኮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ከአዲስ አበባ። ሸዋ ሮቢት ከዚያም ብዙ ወዲያ፣ ጣርማ በርን ተሻግሮ ቆላ ነው፤ የሚያኖራት ሽንኩርቱና ማሾው ነው፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ እሱም ይቆማል። የአንዷ መስመር ለሌላዋ ምን ዋስትና ይሆናል?

ይህን ሁሉ ስናገር ጎኑ ያለችው ልጅ አፏን ይዛ ሳቀች። እሱም «እህት፣ እሱ ለማሳያ ነው እንጂ ልንምልበት ነው እንዴ? ካልፈለግሽ ተዪው፤ የቀብድን ሕግ ግን ታውቂያለሽ» አለኝ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። እነሱ እንደማያፈርሱ፣ እኔ ግን በዚያ ዋጋ እንደማልገዛ አውቀው ነው ወንበራቸው ላይ ተደላድለው የሚስቁት።

የዋጋ ንጽጽር ካሳዩአችሁ እያንዳንዱ ቁጥር የውል ነው፣ የጥሪ ነው ወይስ በእጅ የተከፈለ ብላችሁ ጠይቁ። ጎረቤት አነጋግሩ፣ ካርታውን ማዘጋጃ ቤት አስጣሩ፣ ቀብድ ከዚያ በኋላ ነው። በዚሁ ዓይነት ሰንጠረዥ ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ በውስጥ አውሩኝ፤ ክስ ልመሠርት ነው፣ ብዙ ብንሆን ይሻላል።