ለእንቁላል ጣይ ዶሮ፦ አዳሩን መብራት ወይስ ከንጋት በፊት ብቻ?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። እንቁላል ጣይ ዶሮ ግን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች፤ ስለዚህ አምፖል ይገባል።

አዳሩን ማብራት ልፋት የለውም። ጣጣው ሌላ ነው፦ ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በጨለማ ነው። የዶሮ አንጎል ደግሞ ብርሃንን በራስ ቅሏ በኩልም ስለሚቀበል ዓይኗን ብትጨፍንም አታመልጥም። ጨለማ ያጣች ዶሮ የሰውነቷ ሰዓት ይዛባል፤ ጠዋት ጠዋት ይሰበሰብ የነበረው እንቁላል በ24ቱም ሰዓት ይበታተናል። ደሴ ላይ «ለብርዱ ነው» ይባላል፤ ኤልኢዲ አምፖል ግን ይህ ነው የሚባል ሙቀት የለውም። ለብርዱ ወፍራም ጉዝጓዝ ይሻላል።

ከሌሊቱ 9 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማብራት 15 ሰዓት ብርሃን ይሰጣል፤ ያለማመንታት ይህን እንመርጣለን። ማታውን ፀሐይ ራሷ ቀስ ብላ ስለምታጨልመው ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ለመውጣት ጊዜ ያገኛሉ። ማታ አብርቶ ድንገት ድርግም ማድረግ መሬት ላይ ያስቀራቸዋል። መመገቢያው ዘንድ ጋዜጣ የሚያስነብብ ብርሃን ይበቃል።

18 ሳምንት ሳይሞላቸው አይጀመርም፤ ከዚያ በየሳምንቱ 30 ደቂቃ ይጨመራል። ቄቦች ቀድመው ከተነቃቁ እንቁላላቸው ትንንሽ ይሆናል፣ ማህፀናቸውም ሊገለበጥ ይችላል።

አምፖሉን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋው ባለ ጥርስ ታይመር ባትሪ ከሌለው መብራት በጠፋ ቁጥር ይቆማል፤ 2 ሰዓት ከጠፋ በ9 ፋንታ በ11 ያበራል። መብራት ሲመለስ አስተካክሉት።