የአማቴን ምንጣፍ ከድመት ሽንት ሽታ ላላቀቁልን የጠባሴ እናት ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ምስጋና ማቅረብ የነበረብኝ ባለፈው ጥር ነበር። የዘገየሁት ግን ረስቼ ወይም ሰንፌ አይደለም፤ የድመት ሽንት የነካው ምንጣፍ ዝናብ እስኪጀምር ንጹሕ መስሎ ሰንብቶ ክረምት ሲገባ እንደሚያጋልጥ አንድ ጊዜ ደርሶብኝ ስላየሁት፣ ሐምሌና ነሐሴ እስኪያልፉ ሆን ብዬ ጠብቄ ነው። አሁን ጥቅምት ገብቷል፤ ደብረ ብርሃንም ዝናቧንና ጭጋጓን እንደ ልማዷ አውርዳ ጨርሳለች፤ በሳሎናችን ግን ከቡናውና ከዕጣኑ በቀር የሸተተን ነገር አልነበረም። ስለዚህ በከተማችን ጠባሴ ሰፈር ከሴት ልጃቸው ጋር ሆነው ከበግ ፀጉር የተሠራ ምንጣፍ የሚያጥቡትን እናት በሙሉ ልብ ላመሰግንና እንደ እኔ ለተቸገረ ሁሉ ልጠቁም እወዳለሁ። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ፣ በቤታችን እንደምንጠራቸው «እትዬ» እያልሁ እቀጥላለሁ።

ምንጣፉ አማቴ ለሠርጋችን ከመሐል ሜዳ ከተማ ያመጡልን፣ ከመንዝ በግ ፀጉር ተፈትሎ በእጅ የተሠራ ነው። በመንዝ ብርድ ባና ለብሶ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ስለሚያውቅ ዝርዝሩን አልናገርም፤ አማቴ ፀጉሩን ያባዘቱትና የፈተሉት በገዛ እጃቸው መሆኑን ብቻ ልናገር። ድመቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አይጥ አስቸግሮን ነበርና ውሮ ሥራውን በሚገባ ሠራ፤ ዓመት ሊሞላው ሲል ግን ጅራቱን እያንቀጠቀጠ በሶፋው ጀርባ መርጨት ጀመረ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች በመሆኗ መስኮት ከፍቶ መዋል የማይታሰብ ነገር ነው፤ ቤቱ ተዘግቶ ሲውል ሽታው ዓይን እስከ ማቃጠል ደረሰ።

በመጀመሪያ ምንጣፉን የሰጠሁት ለሌላ አጣቢ ነበር። በሙቅ ውሃና በበረኪና ፈትጎ፣ በላዩ ላይ ሽቶ ነስንሶ በማግስቱ መለሰልኝ፤ እኔም ሽቶውን ንጽሕና መስሎኝ አመስግኜ ከፈልሁ። ወሩ ግንቦት ነበር። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ሽታው ከነሽቶው ተመለሰ፤ እውነቱን ለመናገር ከፊተኛው የባሰ ነበር። የነጣው የምንጣፉ ጥግ ደግሞ ቢጫ ሆኖ፣ ክሩ በጣት ሲነኩት ይበጠስ ጀመር። በረኪና ጥጥን ያነጣ እንደሆነ እንጂ የበግ ፀጉርን እንደሚበላ፣ ከዚያም በላይ ሽንቱ ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ እንደሚያወጣ የሰማሁት ከእትዬና ኬሚስትሪ ከምታጠናው ልጃቸው ነው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን በረኪና የሽንት ቤት ሲሚንቶ ካልሆነ በቀር ምንም አይነካም።

እትዬ ኅዳር ላይ ቤታችን ሲመጡ ምንጣፉን ጠቅልለው ይወስዱታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው ተንበርክከው ሲያሸቱ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይህን ነገር ምን ምን አደረጋችሁበት? ሳትደብቅ ንገረኝ» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀጥለው ሲመሽ እንደሚመለሱ ነግረውኝ ሄዱ፤ ማታም ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ሐምራዊ መብራት ከጎረቤታቸው ባለሱቅ ተውሰው መጡ። መብራቱን አጥፍተን ያን ባበሩበት ጊዜ እኛ አንድ ቦታ ብቻ የመሰለን ሽንት በሦስት ቦታ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ታየ፤ አንደኛው ልጆቹ ተቀምጠው የሚያጠኑበት ቦታ ነበር። ባለቤቴ ያን ጊዜ ያየችኝን አስተያየት አልጽፈውም። እትዬ ሦስቱንም በጠመኔ ከበቡና ምንጣፉን ገለበጡት።

ዋናው ጉድ ከሥር ነበር። በምንጣፉና በሲሚንቶው መካከል ለብርድ ብለን የዘረጋነው የፕላስቲክ ምንጣፍና ስፖንጅ ነበረ፤ ሽንቱ ወደ ታች ወርዶ ፕላስቲኩ ላይ ተኝቶ፣ ስፖንጁ እንደ ጠጣው እዚያው ከርሟል። እትዬ ስፖንጁን በሁለት ጣት አንሥተው «ይህ አይታጠብም፤ ገንዘባችሁን አልበላም፤ ጣሉት» አሉ። ከላይ ብቻ የሚታጠብ ምንጣፍ ለምን እንደሚመለስ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ልጃቸው የሽታውን ነገር ያስረዳችኝ በማዳበሪያ ነው፤ የገበሬ ልጅ ስለሆንሁ ወዲያው ገባኝ። በሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ እርሻ ላይ ከምንበትነው ዩሪያ ጋር አንድ ነገር ነው፤ ባክቴሪያ ሲያፈርሰው አሞኒያ ይሆናል፤ አፍንጫ የሚመታውም እሱ ነው። አሞኒያው ውሎ አድሮ ይተናል። ዩሪክ አሲድ የሚባለው ግን በውሃ በቀላሉ ስለማይሟሟ እንደ ደቃቅ ጨው ክሩ ላይ ደርቆ ይቀርና እርጥበት ባገኘ ቁጥር ሽታው እንደገና ይነሣል፤ የሰኔው ምስጢር ይህ ነበር። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ሽንት ደግሞ ድኝ ያለበት የራሱ ልዩ ክርፋት አለው። ሙቅ ውሃ ሽታውን ከክሩ ጋር ከማጣበቅና የበግ ፀጉሩን ከማኮማተር በቀር ምንም አይጠቅምም።

ሥራቸውን በቅርብ ያየሁት ቅዳሜ ግቢያቸው ሄጄ ነው። መጀመሪያ የቀድሞው ሳሙና ተሟጦ እስኪወጣ ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመው አጠቡት፤ የሚፈሰው ውሃ አረፋው ጠፍቶ እስኪጠራ ድረስ ወደ ሌላ ነገር አልተሻገሩም። ከዚያ አቼቶ አንድ እጅ፣ ውሃ ሦስት እጅ ቀላቅለው፣ ቀለሙ የሚለቅ እንደሆነ በማይታይ ጥግ ላይ በነጭ ጨርቅ ሞከሩ። እንደማይለቅ ሲያረጋግጡ በጠመኔ የተከበቡትን ቦታዎች ከላይም ከሥርም አራሱ። አይፈትጉም፤ ነጭ ጨርቅ አጥፈው በመዳፋቸው ሙሉ ክብደት ተጭነው ይቆያሉ፣ ጨርቁን አንሥተው ያዩታል፣ ይቀይሩታል፣ እንደገና ይጫናሉ። ስድስተኛው ጨርቅ ነጭ ሆኖ ሲነሣ ለራሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አቼቶው በሚገባ ታጥቦ ከወጣ በኋላ ለቤት እንስሳት ሽንት የተሠራውን፣ ኢንዛይም ያለበትን ፈሳሽ አደረጉበት። ይህን ፈሳሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ነው ያመጣልን። ልጅቷ ማሸጊያውን አገላብጣ አንብባ ለበግ ፀጉር እንደሚሆን ካረጋገጠች በኋላ ነው የተከፈተው፤ የበግ ፀጉር ፕሮቲን ስለሆነ፣ ፕሮቲን የሚያፈርስ ኢንዛይም ያለበት ተራ የልብስ ሳሙና ሽንቱን ብቻ ሳይሆን ክሩንም እንደሚበላ ነግራኛለች። ፈሳሹ ሽንቱ የደረሰበት ድረስ ዘልቆ መግባትና ሳይደርቅ መቆየት ስላለበት በላስቲክ ሸፈኑት። እኔ ግቢው ውስጥ የሚያድር መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን የኅዳር ውርጭ ሥራውን እንደሚያስቆመው ተናግረው፣ ከነላስቲኩ ወደ ማድ ቤታቸው አስገብተው ምጣድ ከሚጣድበት ክፍል አሳደሩት። ኢንዛይም በብርድ እንደሚለግም የትኛውም ማሸጊያ ላይ ተጽፎ አላየሁም። በማግስቱ አለቅልቀው፣ ንፋስ ከሥርም ከላይም እንዲያገኘው በእንጨት ርብራብ ላይ ገልብጠው አሰጡት፤ እስኪደርቅ ሦስት ቀን ፈጀ። ከምንጣፉ ሥር የነበረውን ሲሚንቶም እኛው ቤት መጥተው በዚያው አኳኋን አጠቡልን።

አሁን እዚህ ድረስ የጻፍሁት ማንም ጠንቃቃ አጣቢ ሊሠራው ይችላል። እኔን ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ምንጣፉን አምጥተው ሲዘረጉት ምንም አይሸትም ነበርና ገንዘባቸውን አወጣሁ፤ አልቀበልም አሉ። «ደርቆማ ሁሉም ደግ ነው» ብለው ከሳምንት በኋላ እንደሚመለሱ ነገሩኝ። ተመልሰውም አንድ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ ጠየቁ፤ በሦስቱም ቦታ ረጭተው በጨርቅ ሸፈኑና ቡና እስኪፈላ ድረስ ተቀመጥን። ከዚያም እኔን «የአንተ አፍንጫ ለምዷል፤ አይሆንም» ብለው ጎረቤታችንን አስጠርተው አስሸተቱ። ሁለቱ ንጹሕ ነበሩ፤ ሦስተኛው፣ ከሶፋው ጀርባ ያለው፣ ጥቂት ሸተተ። ምንም ሳይከራከሩ ምንጣፉን መልሰው ወሰዱና ያንን ቦታ እንደገና ሠርተው ለገና ሳምንት ሲቀረው አመጡት፤ በውሃም እንደገና ተፈተነ። ለሁለተኛው ሥራ ሳንቲም አልጨመሩም። የጠየቁኝ ዋጋ ፊተኛው አጣቢ ካስከፈለኝ በ300 ብር ብቻ ይበልጣል።

ቢጫ የሆነውን ጥግ ግን ሊመልሱት አልቻሉም፤ እንደማይችሉም ገና ሥራውን ሳይጀምሩ ነግረውኝ ነበር። አማቴ ለጥምቀት ሲመጡ ያን ጥግ ሶፋው ሸፍኖታል። እስካሁን አልጠየቁም፤ እኛም አልተናገርንም።

ሌላው ቀርቶ ሥራውን የተቀበሉት ድመቱን ሐኪም ዘንድ እንደምወስደው ቃል ካስገቡኝ በኋላ ነው። «ምንጭ ሳይደፈን ወለል ቢጠረግ ምን ዋጋ አለው» ነበር ያሉት። የእንስሳት ሐኪሙ ውሮን መርምሮ ሕመም እንደሌለበት ከነገረን በኋላ አኮላሸው፤ ወንድ ድመት እያማጠ ሽንት የማይወጣው ከሆነ ግን ሳያድር መምጣት እንዳለበት አጥብቆ አሳስቦናል። አሸዋ የሞላበት ሳጥን በጓሮ በር አጠገብ አስቀመጥንለት፤ ከጥር ወዲህ አንድም ቀን ሶፋው ጀርባ አልተገኘም።

የእትዬን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ እልክላችኋለሁ። ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ምንጣፍ ስለማይደርቅላቸው አይቀበሉም፤ ከፕላስቲክ ክር የተሠራ የፋብሪካ ምንጣፍም አይሠሩም። ልክ ስታገኟቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ምን እንዳደረጋችሁበት ነውና፣ በረኪና ነክቶት ከሆነ አቼቶ ከመደረጉ በፊት ማወቅ አለባቸው፤ ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ስለሚወጣ አትደብቋቸው።