መሪውን ራሳችሁ ሳትይዙ ብር እንዳትቆጥሩ

ትናንት የገዛሁት የመኪና ጨዋታ ማሽን ይኸው ሳሎኔ ውስጥ ቆሞ ብቻውን ይነዳል። ሶኬቱን ነቅዬው ነበር፤ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፍ ብዬ መልሼ ሰካሁት።

ጅማ መርካቶ አካባቢ ያሉትን ባለ አንቲኮች ታውቋቸዋላችሁ። መጀመሪያ ቡና ይፈላል፤ ቀጥሎ «ሌላ ሰው ቀብድ ሊያስይዝ ነበር፣ ለአንተ ብዬ ነው ያቆየሁት» ይባላል። አቦሉን ጠጥቼ ቀልቤን፣ በረካው ሳይቀዳ ደግሞ 85,000 ብሬን አስረከብኩ።

ዕቃው አውት ራን ነው ተባልኩ። ጨዋታ አምራቹ ሴጋ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው፣ ሳንቲም ጎርሶ ቀይ ፌራሪ ቴስታሮሳ የሚያስነዳው፣ ቆመው የሚጫወቱበት ዓይነት። ለዓመታት ስፈልገው የኖርኩት ነው። የሳንቲሙን ቀዳዳ ለእኛ የአንድ ብር ሳንቲም አስተካክለውታል፤ ያንንም እንደ ምርቃት ቆጠርኩት።

ሠራተኛው ልጅ «ጋሼ፣ እርስዎ ቡናዎን ይጠጡ፣ እኔ ላሳይዎት» አለና አንድ ብር ከተተ። መኪናዋ ተነሣች። መሪውን ሲያዞር ትዞራለች። መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ወደ ግራ ጠመዘዘ፤ ወደ ግራ ሄደች። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አጨበጨብኩ። አዎ፣ አጨበጨብኩ።

አራት ተሸካሚ፣ አንድ አይሱዙ፣ ዶፍ ዝናብ። ቤት ገብቶ ሲሰካ ሳንቲም ሳይበላ ተነሣ። ያኔም አልነቃሁም። አንድ ብር ጨመርኩ፤ ሳጥኑ ግርጌ ወድቃ ኳ አለች፣ ሌላ ምንም የለም። መሪውን ጨብጬ ጠበቅሁ። መንታው መንገድ ደረሰ። መሪው አልዞር እስኪል ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩ። መኪናዋ ወደ ግራ ሄደች። ፍሬን ረገጥኩ፤ ፈጠነች። እጄን አነሣሁ፤ ያለ እኔ አሳምራ ነዳች።

የጀርባውን በር በካቻቢቴ ፈታሁት። ውስጡ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን፣ ጎኑ ላይ የተሰካ ፍላሽ። ፍላሹ ላይ ሌላ ሰው ሲጫወት የተቀዳ ቪዲዮ። የመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ አንድ ሽቦ እንኳ አልታሰረም። ልጁ ለካ መንገዱን በቃሉ ሸምድዶት ነው! ሳንቲሙን ሲከትም አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ሪሞቱ እዚያ መሆን አለበት።

የተታለለው ደግሞ ማን ነው? አታሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው ግራን ትራክ 10 የተባለ የመኪና ጨዋታ መሪ፣ ፔዳልና ማርሽ እንደነበረው ለእንግዳ ሁሉ ሲተርክ የሚያመሽ ሰው። አውት ራን ከመነሣቱ በፊት ከሬዲዮ ሦስት ዜማዎች አንዱን እንደሚያስመርጥ አውቃለሁ፤ ሳያስመርጥ ሲነሣ ግን ዝም አልኩ። ጨዋታው 15 መድረክና 5 መጨረሻ አለው፤ ሁሉም የሚወሰነው በእነዚያ መንታ መንገዶች ነው። እኔ አንዱን ብቻ አይቼ ገዛሁ።

ዛሬ ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። ባለቤቱ ቀና ብሎም አላየኝ፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በአገጩ አመለከተኝ። ልጁ ግን ትሑት ነው። «ጋሼ፣ እኔ ነዳሁት እንጂ እርስዎ መቼ ልንዳ አሉ?» አለኝ። በርጩማዬ ላይ የተቀመጠ ሌላ ሰው ሳቀ። ለእሱም ቡና እየተቆላለት ነበር።

መሪውን ራሳችሁ ያዙ፤ ልጁ ወደ ግራ ካዞረ እናንተ ወደ ቀኝ አዙሩ። የጀርባውንም በር አስከፍቱ። ሳጥኑ ግርጌ ሁለት ብር አገኘሁ፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የልጁ። የልጁን አልመለስኩለትም።