«የታደሰ» ተብሎ የሚሸጥ የፍሬን ቡስተር፦ ሳትፈትሹት መኪናችሁ ላይ እንዳትሰቅሉት

አሮጌ ኤስዩቪ ይዛችሁ የፍሬን ቡስተሩን (ፍሬን ስትረግጡ እግራችሁን የሚያግዘውን ዕቃ) ቤታችሁ ራሳችሁ ልትቀይሩ ያሰባችሁ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቧት።

ኢንተርኔት ላይ «ሙሉ በሙሉ የታደሰ፣ ከአዲስ የማይለይ፣ ዋስትና ያለው» እየተባሉ የሚሸጡ ቡስተሮች አሉ። ዋጋቸው ከአዲሱ በጣም ያነሰ ነው፤ ፎቷቸው ያብረቀርቃል። እኔም አንዱን አዘዝኩ። ካርቶኑን ስከፍት ያገኘሁት ከሌላ መኪና ተነቅሎ ጥቁር ቀለም የተረጨበት አሮጌ ዕቃ ነው። እድሳቱ ቀለሙ ብቻ ነበር።

የሻጩን ስም አልጠራም። እንዲህ ዓይነቱ ሱቅ ስሙን በአንድ ሌሊት ይቀይራል፤ አሸዋወዱ ግን ያው ነው። ማወቅ ያለባችሁ እሱን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመመለሻ ደንቡ ነው። ከታች በደቃቅ ፊደል «መኪና ላይ የተገጠመ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ሲያዩት ምንም አይመስልም። ግን አስቡት። አብዛኛው ሰው ቡስተሩ መሥራት አለመሥራቱን የሚያውቀው ገጥሞት ፍሬን ሲረግጥ ነው። ያኔ ደግሞ ዕቃው «ተገጥሟል»። ዋስትናው የሚያበቃው ልክ በምትፈልጉት ሰዓት ላይ ነው ማለት ነው። ብትከራከሩም መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፦ አገጣጠምዎ ትክክል አይደለም፣ ያበላሸው የእርስዎ ማስተር ሲሊንደር (የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ዕቃ) ነው፣ በባለሙያ ለመገጠሙ ደረሰኝ ይላኩልን። ቤቱ ራሱ የሚሠራ ሰው የጋራዥ ደረሰኝ ከየት ያምጣ?

ስለዚህ ዕቃው መኪናውን ሳይነካ፣ ጠረጴዛ ላይ እያለ መፈተሽ አለበት። ይቻላል ደግሞ፤ ከባድም አይደለም።

ቡስተር ማለት ሁለት የቆርቆሮ ግማሾች ተገጣጥመው የተሠራ፣ መሃሉ ላይ ትልቅ የላስቲክ ዲያፍራም ያለው ዕቃ ነው። ሞተር ሲሠራ ከዲያፍራሙ ፊትም ኋላም አየር ይሳባል። ፍሬን ስትረግጡ በፔዳሉ በኩል ያለው ቫልቭ ይከፈትና ከኋላ የውጭ አየር ይገባል። ከፊት ቫኪዩም (አየሩ የተሳበበት ባዶ ቦታ)፣ ከኋላ አየር ሲሆን ዲያፍራሙ ወደፊት ይገፋል። እግራችሁን የሚያግዘው ይሄ ግፊት ነው። ዲያፍራሙ ከተቀደደ ወይም ቫልቩ በደንብ ካልዘጋ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፣ እግራችሁ አካባቢ ፉጨት ይሰማል፣ ሚኒሞውም (ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ በዝግታ የሚዞርበት) ይረበሻል።

ታዲያ ዲያፍራሙን ለመቀየር ሁለቱ ግማሾች መላቀቅ አለባቸው። ሌላ መንገድ የለውም። ለዚህ ነው እኔም መጀመሪያ መጋጠሚያውን ያየሁት። በኔው ዓይነት ላይ የቆርቆሮው ጠርዝ ዙሪያውን በየቦታው ታጥፎ ነው የተቆለፈው። እጥፋቶቹ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ነበር። ቀለሙ ጭቃው ላይ ነው የተረጨው! በጥፍሬ ስፍቀው ቀለሙ ከነጭቃው ተነሳ፤ ከሥሩ ዝገት። ይሄ ዕቃ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም።

ሌላውም ያው ነው። የቫኪዩም ቱቦው የሚሰካበት ላስቲክ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ሳይቀር ቀለም ገብቷል። የብሎኖቹ ጥርስ ጥቁር ነው። ማስተር ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ፊት ንጹሕ ብረት መሆን ሲገባው እሱም ተቀብቷል። ነጭ ጨርቅ ጣቴ ላይ ጠቅልዬ በፊተኛው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሰደድኩት። እርጥብ ሆኖ ወጣ፤ ሳሸተው የፍሬን ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ቡስተር ውስጥ ምንም ሥራ የለውም። እዚያ ከተገኘ የቀድሞው መኪና ማስተር ሲሊንደር በኋላ በኩል እያፈሰሰበት ኖሯል ማለት ነው፤ ለዲያፍራሙ ደግሞ ጠንቅ ነው።

ከዚህ በኋላ ጌጅ ያለው የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ አመጣሁ። መጀመሪያ የፓምፑን ቱቦ ጫፍ በጣታችሁ ደፍናችሁ ሳቡት፤ ራሱ ፓምፑ የሚያፈስ ከሆነ ጥፋቱን ቡስተሩ ላይ ታላክካላችሁ። ከዚያ የቡስተሩ ቱቦ የሚሰካበት ላይ ግጠሙት። ቡስተር ሰፊ ስለሆነ ብዙ መሳብ ያስፈልጋል፤ እጅ ይደክማል። ከ15 እስከ 20 ኢንች ሜርኩሪ (ጌጁ ቫኪዩምን የሚለካበት አሃድ ነው) ስታደርሱት አቁሙና መርፌውን እዩ። ጤነኛ ከሆነ መርፌው ባለበት ይቆያል። የኔው ግን ዓይኔ እያየ ወረደ፤ ከፔዳሉ ዘንግ ላስቲክ በኩል ሽ... የሚል ድምፅም ነበረው።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ። ቫኪዩም እያለው የፔዳሉን ዘንግ ገፍታችሁ አትሞክሩት፤ ከፊት የሚይዘው ማስተር ሲሊንደር ስለሌለ የፊተኛው ዘንግ (ማስተር ሲሊንደሩን የሚገፋው) ሊወጣ ይችላል። የፊተኛውን ዘንግም ለማየት ብላችሁ አትሳቡት። ከጀርባው ትንሽ ክብ ላስቲክ አለች። እሷ ወድቃ ውስጥ ከቀረች ፍሬኑ ትንሽ ሲነካ ድርቅ ብሎ የሚይዝ ይሆናል።

ይሄን ሁሉ በአንድ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ቅረጹት። ከታሸገ ካርቶን ጀምሩ። የክፍል ቁጥሩን፣ መጋጠሚያውን፣ የጌጁን መርፌ በቅርብ አሳዩ። ያልተገጠመ መሆኑ ከቪዲዮው በግልጽ ይታይ። ሻጩ መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ «ቪዲዮ ማስረጃ አይሆንም፤ በራስዎ ወጪ ይላኩና እኛ እንፈትሸው» አለ። ያንኑ ቪዲዮ ለከፈልኩበት ካርድ ባንክ ሰጥቼ ተከራከርኩ፤ የዕቃው ዋጋ ተመለሰልኝ። ቀጥታ ገንዘብ አስተላልፌ ቢሆን ኖሮ እሱም በዚያው ይቀር ነበር።

ያልተመለሰው መያዣው ነው። «የታደሰ» ዕቃ ስትገዙ ብዙ ጊዜ ለአሮጌው ቡስተር መያዣ ያስከፍሏችኋል፤ አሮጌውን ስትልኩ እንመልሳለን ይላሉ። የኔን አሮጌ አልቀበልም ያለው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ዝገት አለው» ብሎ። ዝገት ቀብቶ የሚሸጥ ሰው!

መያዣ ያለበትን ግዢ የግድ ካደረጋችሁ አሮጌውን ከመንቀላችሁ በፊትና በኋላ ፎቶ አንሱት። አዲሱ ተገጥሞ በትክክል እስኪሠራ ድረስም እንዳትልኩት። ለመለኪያም ያስፈልጋችኋል፤ እመጣበታለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁት፦ ምን ምን ተቀየረ? ዲያፍራሙ? ቫልቩ? አየር እንዳያፈስ የሚዘጉት ላስቲኮች? በስንት ቫኪዩም ተፈተሸ? በእውነት የሚያድስ ሰው ይሄን ሳያስብ ይመልሳል። «ጥራቱ የተረጋገጠ ነው» ብቻ ካላችሁ ጥላችሁ ውጡ።

ለመሆኑ የተበላሸው ቡስተሩ ነው ወይ? ብዙ ሰው ጤነኛ ቡስተር ቀይሯል። ሞተሩን አጥፉና ፔዳሉ እስኪደርቅ ደጋግማችሁ ርገጡ። ረግጣችሁ እንደያዛችሁ አስነሱት። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ቡስተሩ እያገዘ ነው። ምንም ካልተንቀሳቀሰ መጀመሪያ ቱቦውንና አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ትንሽ ቫልቭ እዩ። ቫልቩ ከቡስተሩ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ረግጣችሁ ያዙ፣ ሞተሩን አጥፉና ለ30 ሰከንድ አትልቀቁ። ፔዳሉ እግራችሁን ወደ ላይ ከገፋው ቫኪዩሙ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው።

የሚመጣውንም ቫኪዩም ለኩ። የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ ከ18 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ አካባቢ ይሰጣል። ይሄ ቁጥር ግን ለባሕር ወለል ነው። ከፍታ ላይ በየ300 ሜትሩ በግምት 1 ኢንች ይቀንሳል፤ ስለዚህ ደጋ የሚነዳ ሰው ዝቅ ያለ ቁጥር ቢያይ አይደንግጥ። ናፍጣ ከሆነ ደግሞ ቫኪዩሙ የሚመጣው ከራሱ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ደክሞ ቡስተር የሚታዘዝበት ጊዜ አለ።

ሌላም አለ፤ ምናልባት ጭራሽ መክፈል የለባችሁም። እ.ኤ.አ. በ2014 ክራይስለር ከ2011 እስከ 2014 ሞዴል የሆኑ ጂፕ ግራንድ ቸሮኪና ዶጅ ዱራንጎ መኪኖችን በዚሁ በቡስተር ዝገት ምክንያት ለጥገና ጠርቷል። በ2022 ደግሞ መርሴዲስ ከ2004 እስከ 2015 የተሠሩ የኤምኤል፣ የጂኤልና የአር ክላስ መኪኖችን ጠርቷል፤ በዓለም ዙሪያ 1 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። እስኪታዩ ድረስ እንዳትነዷቸው ነበር ለባለቤቶቹ የተነገረው። እንዲህ ዓይነት ጥሪ ሲኖር ጥገናው በአምራቹ ወጪ ነው። የሻንሲ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ጠይቁ። ያገለገለ ቡስተር ሻጮች ይሄን እንደማይነግሯችሁ የታወቀ ነው። እንዲያውም የምትገዙት ዕቃ ከእነዚሁ መኪኖች ተነቅሎ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ወደ መግጠሙ ስንመጣ ሥራው ራሱ አያስፈራም። ቫኪዩሙን ደጋግሞ ረግጦ መጨረስ፣ ማስተር ሲሊንደሩን ከቡስተሩ ፈትቶ ቱቦዎቹን ሳይፈቱ ወደፊት ገፋ ማድረግ፣ ከዳሽቦርድ ሥር የፔዳሉን ፒንና አብዛኛውን ጊዜ አራት የሚሆኑትን ዳዶዎች መፍታት። ወገብ የሚያስለቅሰው ይሄ የመጨረሻው ነው። ማስተር ሲሊንደሩን ስታነሱ ጀርባውን ንኩት። ርጥብ ከሆነ እሱም ይቀየር፤ አለዚያ አዲሱን ቡስተር ይገድለዋል።

ከሁሉ በላይ ግን የፊተኛው ዘንግ ርዝመት። ርካሽ «የታደሱ» ዕቃዎች ላይ እሱን ማንም አይለካውም። ዘንጉ ከረዘመ የማስተር ሲሊንደሩ ፒስተን ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ዘይቱ የሚመለስበት ቀዳዳ ተዘግቶ ይቀራል። ግቢ ውስጥ ስትሞክሩት ደህና ይመስላል። መንገድ ላይ ዘይቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ መውጫ ያጣል፣ መኪናው ሳትረግጡት ራሱን ይይዛል። ካጠረ ደግሞ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል። ስለዚህ ከአሮጌው ጋር አስተያዩት፤ ከዚያ የአምራቹ መመሪያ በሚለው ልክ አስተካክሉ። ገጥማችሁ ስትጨርሱ ጎማዎቹን በክሪክ አንስታችሁ፣ ሞተሩ ሲሠራም ሲጠፋም፣ ፍሬን ረግጣችሁ ከለቀቃችሁ በኋላ በእጅ በነፃነት መዞራቸውን እዩ። ከአጭርና ዘገምተኛ ሙከራ በኋላ ቸርኬው ጋ እጃችሁን ጠጋ አድርጉ፤ የሚፋጅ ሙቀት ካለ ዘንጉን እንደገና ለኩ።

አንዳንድ አሮጌ ኤስዩቪዎች ደግሞ የቫኪዩም ቡስተር ጭራሽ የላቸውም። እንደ አንዳንድ ላንድ ክሩዘር 100 ያሉት ላይ በኤሌክትሪክ ፓምፕ ከፍተኛ ግፊት ያለው ዘይት የሚያጠራቅም ዕቃ ተገጥሟል። ግፊቱ ሳይወጣ መስመሩን መፍታት ለዓይንም ለእጅም አደጋ ነው። እሱን ለሚያውቀው ሰው ስጡት።

እኔ በመጨረሻ አምራቹ የታወቀ፣ የክፍል ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር የሚገጥም አዲስ ቡስተር ገዛሁ። እሱንም ሳልሰቅለው ጠረጴዛ ላይ ፈትሼዋለሁ፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም። መያዣዬን እስካሁን አልመለሱልኝም። ከመለሱ እዚሁ ሥር እጨምራለሁ። ከእንዲህ ዓይነት ሻጭ መያዣውን ማስመለስ የቻለ ካለ፣ በምን መንገድ እንደሆነ ጻፉልኝ።