በደብረ ማርቆስ ያገኘነው የጨጓራ ሕክምና

አባቴን በደብረ ማርቆስ ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ለጨጓራ ቁስለት ስላሳከምኳቸው፣ ወደዚያው ለመሄድ ለሚያስቡ ሰዎች አስተያየቴን ማካፈል እፈልጋለሁ። የክሊኒኩ ትልቁ ብልጫ ሐኪሙ ታማሚውን ለማስረዳት የሚሰጠው ጊዜ ነው። የኢንዶስኮፒው (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራን የማየት ምርመራ) ውጤት ቁስለት መኖሩን ካሳየ በኋላ፣ «አባቴ፣ ኦሜፕራዞል አሲዱን ይቀንሳል እንጂ ቁስሉን አይደፍነውም፤ የሚደፍነው የራስዎ ሰውነት ነው» ብሎ ጀመረ።

ወደ ቆሰለው ቦታ ቀድመው የሚደርሱት ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ተህዋስያንንና የሞተውን ሥጋ ያጸዳሉ። የሚከተሏቸው ማክሮፌጆች የተባሉ ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት መጀመሪያ ብግነቱን (የቁስሉን መቆጣት) ቢያግዙም፣ ቆየት ብለው ጠባያቸውን በመለወጥ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉና ሽፋኑ እንዲታደስ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫሉ፤ ይህ ለውጥ ከተሰናከለ ቁስሉ በቶሎ አይጠግም። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ግን በጨጓራው ዝልግልግ ሽፋን ውስጥ ስለሚኖር፣ ሕዋሳቱ ሊያጠፉት ሳይችሉ ያለማቋረጥ እየጎረፉ የገዛ ሥጋን ይጎዳሉ። አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን የተባሉት አንቲባዮቲኮች ለ14 ቀናት ሳይቋረጡ እንዲወሰዱ የታዘዘው ለዚህ ነው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ይህን ባክቴሪያ በማግኘታቸውና ከጨጓራ ሕመም ጋር ያለውን ትስስር በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ቢቀበሉም፣ በእኛ አካባቢ ዛሬም አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሱት በርበሬና አረቄ ናቸው።

ሐኪሙ ስለ ማስታገሻ ሳንጠይቀው ማንሳቱን እጅግ አደንቃለሁ። አባቴ በአጨዳ ወቅት ለወገባቸው ዳይክሎፌናክ ይወስዱ ነበር፤ መድኃኒቱ የጨጓራን ሽፋን የሚጠብቀውን ፕሮስታግላንዲን የተባለ የሰውነት ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል። በፓራሲታሞል ተተካላቸው።

የክትትሉ ነገር ግን ደካማ ነው። ባክቴሪያው መጥፋቱ በሰገራ ምርመራ የሚረጋገጠው አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንታት በኋላ ሲሆን፣ ኦሜፕራዞልም ከምርመራው 2 ሳምንት ቀድሞ መቆም አለበት፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ የለም የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል። ይህ በጽሑፍ አልተሰጠንም፤ ቀጠሮውም በቃል ብቻ ተነገረን። ከቢቡኝ ወይም ከደጀን ለሚመጣ ታማሚ በከንቱ መመላለስ ከባድ ወጪ ነው። እዚያ የምትሄዱ የምትወስዷቸውን ማስታገሻዎች ይዛችሁ ቅረቡ፤ የድጋሚ ምርመራውን ቀንና ኦሜፕራዞሉ የሚቆምበትን ጊዜ ሳታስጽፉ አትውጡ።