ለኢንሹራንስ ኢንተርቪው፦ መልስ መለማመድ ወይስ ሥራውን ማጥናት?

ትልቅ የኢንሹራንስ ድርጅት ለኢንተርቪው ጠርቶሃል እንበል። ጊዜህን የምታውልባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፤ የተለመዱ ጥያቄዎችን ሰብስቦ መልስ መለማመድ፣ ወይም ድርጅቱ ገንዘብ እንዴት እንደሚያገኝ መረዳት።

የመጀመሪያው አይናቅም። ትልልቅ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ለሁሉም አመልካች ተመሳሳይ ጥያቄ አቅርበው ነጥብ ስለሚሰጡ፣ "የተቆጣ ደንበኛ ገጥሞህ ምን አደረግክ?" ሲባል ሁኔታውን፣ ድርሻውን፣ ያደረገውንና ውጤቱን በቅደም ተከተል የሚናገር ሰው ይቀድማል። ችግሩ፣ ሽምደዳ ያስታውቃል። ጠያቂው "ለምን እንደዛ ወሰንክ?" ካለ እዛው አለቀ።

ሁለተኛው አሰልቺ ይመስላል። እኔ ግን የማደላው ወደዚህ ነው። ድርጅቱ ከሰበሰበው አረቦን (ደንበኞች ለኢንሹራንሱ የሚከፍሉት ገንዘብ ማለት ነው) 70 በመቶውን ለካሳ፣ 35 በመቶውን ለሥራ ማስኬጃ ካወጣ በዋናው ሥራው እየከሰረ ነው፤ ያም ሆኖ ገንዘቡ ካሳ እስኪከፈል ድረስ ኢንቨስት ስለሚደረግ በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ ሊያሳይ ይችላል። ይህ የገባው ሰው የስጋት ምዘና ለምን ጥብቅ እንደሆነ፣ ጠለፋ ዋስትና (ድርጅቱ ራሱ የሚገባው ኢንሹራንስ ማለት ነው) ለምን እንደሚያስፈልግ በራሱ አፍ ያስረዳል። ከዓመታዊ ሪፖርቱ የሒሳብ ገጾቹን እይ፤ የሊቀመንበሩን መልእክት ዝለለው።

የምታመለክተው ለደንበኞች አገልግሎት ከሆነ ሚዛኑ ወደ መጀመሪያው ያጋድላል። ለስጋት ምዘና፣ ለካሳ ወይም ለፋይናንስ ከሆነ ግን ሁለተኛውን አስቀድም፣ ከራስህ ሥራ ሁለት ሦስት ታሪኮች ያዝ፣ ይበቃል። አንድ ምሽት ብቻ ቀርቶህ ከሆነስ? ታሪኮቹን ተለማመድና ተኛ።