በደሴ ብርድ አልነሳ ያለችው አሮጌ ፒክ አፕ፦ የ14 ወራት ልምዴ

ይህችን ባለ አራት ሲሊንደር፣ ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ፒክ አፕ የገዛኋት ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ነው። ዕድሜዋ ከ25 ዓመት ያለፈ፣ ኮምፒውተር የሌላት፣ ተርቦቻርጀርም (አየር ወደ ሞተሩ አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) ያልተገጠመላት ጃፓን ሠራሽ ነች። ሥራዋ ከኮምቦልቻ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ጭና፣ የሐረጎን ዳገት ወጥታ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ላለው ሱቃችን ማድረስ ሲሆን እስካሁን 18,000 ኪሎ ሜትር ገደማ አገልግላኛለች። በአንድ ሊትር ወደ 10 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ጭነት ይዛ ሐረጎ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ጥቁር ጭስ እየለቀቀች መውጣቷንም ከዕድሜዋ አንጻር አልነቅፍባትም። ብዙ ገንዘብና ብዙ ጠዋት የወሰደብኝ አነሳሷ ነው።

ችግሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነበር። ቁልፉን ስጠመዝዝ ሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው ዲናሞ) ያለ ድካም ያዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም። ኮምቦልቻ ባደረችበት ቀን ግን ገና ቁልፉ ሲነካ ትነሳ ነበር። ጎረቤቶቼ «አብሽር፣ ገፋ ስናደርጋት ትነሳለች» እያሉ ስንት ጠዋት ቁልቁለቱን እንደገፉልኝ አልቆጠርኩም፤ ደሴ ቁልቁለት የማይታጣባት ከተማ መሆኗ በዚህ በኩል ጠቅሞኛል። መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ምንም ሳይለካ «ፖምፓው ይውረድ» አለኝ፣ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገፋው ፓምፕ ማለት ነው፤ የጠየቀው ዋጋም አስደነገጠኝ። እኔም በራሴ ግምት አዲስ ባትሪ ገዛሁ። አሮጌው ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት፣ ሞተሪኖው ሲያዞር ደግሞ ከ10 ቮልት በላይ ያሳይ ስለነበር ጤነኛ መሆኑን የተረዳሁት ገንዘቡን ከከፈልኩ በኋላ ነው።

መንገዱን ያሳዩኝ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። «ልጄ፣ ስታስነሳት ከጭስ ማውጫው ምን ይወጣል?» ብለው ጠየቁኝ። አይቼ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ወንድሜን ከኋላ አቁሜ ሳዞራት የተትረፈረፈ ነጭ ጭስ ወጣ፤ ሽታውም ያልተቃጠለ ናፍጣ ሽታ ነበር። ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ እየገባ ነው፣ ሳይቃጠል ግን ይወጣል ማለት ነው። ስለዚህ ፖምፓውን ማውረድ ከንቱ ወጪ ይሆን ነበር። ምንም ጭስ ባይኖር ኖሮ ግን ፍለጋው ከነዳጅ መስመሩ መጀመር ነበረበት።

የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው አየሩን ጨምቆ በሚፈጥረው ሙቀት ነው። እንደ እኔዋ ያለው የድሮ ሞተር አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ቢጨምቅም፣ ሲቀዘቅዝ ማሞቂያ ካንዴላ፣ ማለትም ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን ውስጡን በኤሌክትሪክ የሚያግል ዘንግ፣ ያስፈልገዋል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ባለችውና ሞቅ በምትለው ኮምቦልቻ ግን ሞተሩ ወፈር ያለ አየር ያገኛል። ካንዴላዎቹ ቢሞቱም ኮምቦልቻ ላይ ስትነሳ የነበረችው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍተሻው የወሰደው ሩብ ሰዓት ነው። አራቱን ካንዴላዎች የሚያገናኘውን የብረት ዘንግ ፈታን፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ በአምፖል በኩል የመጣውን ሽቦ በየካንዴላው ጫፍ ላይ አስነካን። የመጀመሪያው ላይ አምፖሉ በራ፤ በቀሩት ሦስቱ ላይ ጭል እንኳ አላለም፤ ሦስቱ ተቃጥለዋል ማለት ነው። እዚህ ላይ እኔም ስህተት ሠርቻለሁ፦ የመጀመሪያዎቹን አዳዲስ ካንዴላዎች ስገዛ ቅርጻቸውን እንጂ ቮልታቸውን አላየሁም። የእኔዋ መኪና 12 ቮልት ሲሆን እነዚያ 6 ቮልት ስለነበሩ አራት ቀን እንኳ ሳይቆዩ ተቃጠሉ። በካንዴላው አንገት ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳያነቡ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ትክክለኞቹ ከገቡ በኋላ የታኅሣሥና የጥር ብርድ አላስቸገረኝም።

ሰኔ ላይ ያው በሽታ ተመለሰ መሰለኝ፤ ጭሱን ስመለከት ግን ምንም አልነበረም። ካንዴላ ከመንካቴ በፊት ቁልፉን ኦን ላይ አድርጌ ፖምፓው አጠገብ አዳመጥኩ፤ ናፍጣውን የሚከፍተው ባለ 12 ቮልት ማግኔት «ጠቅ» አለ፤ ስለዚህ መብራት ይደርሰዋል። ቀጥሎ በፊልትሮው (በናፍጣ ማጣሪያው) ራስ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ስጫነው እንደ ባዶ ፊኛ ለሰለሰ። ሠላሳ ጊዜ ያህል ከጫንኩት በኋላ ጠነከረ፤ መኪናዋም ተነሳች። ማታ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አድርጌ ሳቆማት ናፍጣው ወደ ታንኩ ይመለስና በቦታው አየር ይገባል፤ ቁልቁል ስትቆም ግን ችግሩ አይታይም። አየሩ የሚገባበትን ለማወቅ ከፊልትሮው በፊት ባለው መስመር ላይ አንድ ክንድ የሚያህል ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቱቦ ቀጠልኩ፤ ሞተሩ ሲሠራ አረፋዎቹ እንደ ሽምብራ ፍሬ ተከታትለው ሲያልፉ ይታዩ ነበር። ምንጩም በፋሸታው (ቱቦውን በሚያጠብቀው የብረት ቀለበት) ሥር የተሰነጠቀች አሮጌ የነዳጅ ጎማ ቱቦ ሆና ተገኘች። ነዳጅ ጠፍቶ በነበረበት ሳምንት በጀሪካን ከገዛሁት ናፍጣ የተጠራቀመ ውኃም ከፊልትሮው ሥር ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ አፈስሰዋለሁ።

በእነዚህ ወራት ያየኋቸውን ሁለት ልማዶች አልወድም። አንደኛው ሞተሪኖውን ያለ ዕረፍት ማዞር ነው፤ 15 ሰከንድ አዙሮ አንድ ደቂቃ ያህል ካላሳረፉት ይቃጠላል። ሁለተኛው በአየር መሳቢያው በኩል ማስነሻ ስፕሬይ መንፋት ሲሆን፣ ካንዴላው በጋለበት ሞተር ውስጥ ያለ ጊዜው ፈንድቶ ፒስተን ሊሰብር ይችላል።

እንዲህ ያለች መኪና ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ከአምፖል፣ ከካቻቢቴና ከቴስተር ያለፈ መሣሪያ ሳይጠይቁ ችግራቸውን ከሚናገሩ መኪኖች አንዷ ናት እላለሁ፤ ለመግዛት ሲሄድ ግን ሞተሩ አስቀድሞ ሞቆ እንዳይጠብቀው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይድረስ። እኔ ስገዛት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነበር። ሁለተኛው ኅዳር ከገባ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ አፍንጫዋን ወደ ጦሳ ዳገት አዙራ እያደረች ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ለፍተሻ የቀጠልኩት ቱቦ ግን ቢጫ እየሆነና እየደረቀ ስለመጣ በዚህ ሳምንት በጥቁሩ የነዳጅ ጎማ እቀይረዋለሁ።